የቤሪንግ መከላከያ፦ ቆርቆሮ፣ ጎማ ወይስ የኒሎስ ቀለበት?

ቤሪንግ (ኩሽኔታ) ማለት በውስጥና በውጭ ቀለበት መካከል ኳሶች ያሉት፣ ዘንግ የሚዞርበት ዕቃ ነው። ሊገዛው የመጣ ሰው «ብረት የለበሰውን ስጠኝ፣ እሱ ይጠነክራል» ማለቱ የተለመደ ነው። ብረት እርግጥ ይጠነክራል፤ አጥብቆ የሚዘጋ ግን አይደለም። በስሙ መጨረሻ ዜድ ዜድ (ZZ) የተጻፈበት ቤሪንግ ሽፋኑ ስስ ቆርቆሮ ነው። በውጭው ቀለበት ተሰክቶ ይቆማል እንጂ የውስጡን አይነካም። በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለች፤ የሽፋኑ ጥቅምም ጉድለትም የሚመነጨው ከዚህች ክፍተት ነው።

ስለማይነካ አይፋተግም፤ ስለማይፋተግ አይሞቅም፣ ኃይል አይበላም፣ አያልቅም። ንጹሕ ቦታ ላይ በፍጥነት ለሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር እሱን እመርጣለሁ። ውሃና የላመ አቧራ ግን በክፍተቷ ሾልከው ይገባሉ።

ቱ አር ኤስ (2RS) የሚባለው ቤሪንግ ሽፋኑ የጎማ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩም የውስጡን ቀለበት ይነካል። የሲሚንቶ ወይም የዱቄት ብናኝ በሚነሣበት፣ ውሃ በሚረጭበት ቦታ ያለ ክርክር ይህ ይሻላል። ድክመቱ ሙቀትና ፍጥነት ላይ ነው፦ የተለመደው የናይትራይል ጎማ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሠራ ከቆየ ይደርቃል፤ የሚፈቀድለት ፍጥነትም ከባለ ቆርቆሮው በሲሶ ገደማ ያንሳል።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ሦስተኛውን ነው። የኒሎስ ቀለበት ከስስ ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ ሲሆን ክፍት ከሆነ፣ ማለትም ሽፋን ከሌለው ቤሪንግ ጎን ይገጠማል። በአንደኛው ቀለበት ላይ ተጣብቆ ይያዝና ጠርዙ የሌላኛውን ጎን ይነካል። መጀመሪያ ይፋተጋል፤ ቀስ በቀስ ግን ለራሱ ስስ ቦይ ቆፍሮ ሳይነካ መዞር ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ቢሞቅ አትደንግጡ። ግራሶ ለሚቀባና ቦታው ለጠበበ ዘንግ ተስማሚ ነው። አንዱ ዓይነት በውስጠኛው፣ ሌላው በውጭኛው ቀለበት ላይ ስለሚያዝ የቤሪንጉን ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። የተጣመመውን ደግሞ አቃንቶ መግጠም ከንቱ ድካም ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ካልነካ አይዘጋም።

ባለ ሽፋን ቤሪንግ ሲገጠም መዶሻ ሽፋኑን እንዳይነካ። የጎደጎደ ቆርቆሮ የኳሶቹን መያዣ እየፋቀ ይጮኻል፤ ጥፋቱም ለአምራቹ ይሰጣል። ፋብሪካው ግራሶ ሞልቶት የመጣውን በናፍጣ ማጠብ፣ ወይም ለመግጠም ብሎ ከ80 ዲግሪ በላይ ማሞቅ አይገባም።