መኪናችሁን በርካሽ ከፍ ልታስደርጉ ላሰባችሁ

ክረምት ሳይገባ ሒሉክስ፣ ፕራዶ ወይም ሌላ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) መኪናችሁን ከፍ ለማስደረግ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ልትወርዱ ከሆነ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትቆጥሩ። እኔ ቆጥሬ አይቼዋለሁ። ለዕቃው 18,500፣ ለገጣጣሚው 4,000 ከፈልኩ። ያበላሸውን ለማስተካከል ያወጣሁት ደግሞ ከሁለቱ ድምር እጥፍ ትንሽ ቢያንስ ነው።

መኪናዬ እኛ ቪጎ የምንላት ሒሉክስ ናት፤ ፊቷ ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ)፣ ኋላዋ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል)። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቼን ለመጠየቅ ወደ ሱሉልታ እወጣለሁ። ከአስፋልቱ ታጥፎ የሚገባው ጥቁር አፈር በሐምሌ ምን እንደሚሆን የሄደበት ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ በበሬ ተጎትቼ ነው የወጣሁት። የበሬዎቹ ባለቤት እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ይስቃል። መኪና ልቀይር እንዳልል፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ያለችኝን ላሻሽል ብዬ ተነሳሁ።

ሻጩ «ሙሉ ኪት ነው» አለኝ። ካርቶኑ ሲከፈት ሁለት ጥቁር ቀለበቶች፣ የጡብ ግማሽ የሚያህሉ ሁለት ብረቶችና አራት ረጃጅም የባሌስትራ ማሰሪያ ብሎኖች ወጡ። ሌላ ምንም የለም።

«አሞርዛተሩስ? ሞላውስ?» አልኩት። አሞርዛተር የሞላውንና የባሌስትራውን መንጠር የሚያበርደው ነው።

«የራስህ ይበቃል ወንድሜ፤ የቶዮታ አሞርዛተር መቼ ይሞትና።»

ያኔ ነበር ተነስቼ መውጣት የነበረብኝ። ሞላም ባሌስትራም አሞርዛተርም የሌለበት ነገር «ሙሉ» ሊባል አይችልም። የሸጠልኝ ቁመት ብቻ ነበር፤ የቁመቱን ዕዳ የሚከፍሉት የቀሩት የመኪናው አካላት መሆናቸውን አልነገረኝም።

ቀለበቱ ከፊት አሞርዛተር ራስ ላይ፣ በሻሲው፣ ማለትም በመኪናው የብረት አጽም፣ እና በአሞርዛተሩ መካከል ይገባል። ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር ነው። «3 ሳንቲ ብቻ ናት፣ ምንም አትጎዳም» ተብዬ ነበር። ከመገጠሙ በፊትና በኋላ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካሁ፤ ፊቷ የተነሳው 6 ሳንቲሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእነዚህ መኪኖች አሞርዛተሩ የሚታሰረው የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻሲው የሚያያይዘው ክንድ) ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ መሃሉ ገደማ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የተጨመረች ትንሽ ነገር ጎማው ጋ ስትደርስ እጥፍ ትሆናለች። በቀለበት ውፍረት የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን አያውቅም ማለት ነው፤ ካወቀም ደብቋችኋል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሜክሲኮ አደባባይን ስዞር ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ሁሉ ግራሶ ተረጭቶበታል። መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ይቅበዘበዛል፤ የፊት ጎማዎቹ ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቷል። ገጣጣሚው አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) አስተካክል አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የመጨረሻው ግን ከሁሉም አስደነገጠኝ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ ከፊቴ አንድ ታክሲ በድንገት ቆመ፤ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ በአፍንጫዋ ልትሰግድ ደረሰች፤ ኋላዋ ፍሬን የሌላት ያህል ገፋኝ። ከታክሲው ጋር አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።

በማግስቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ የቆዩ መካኒክ ወሰድኳት። ክሪክ ከትተው ካነሷት በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ልጄ፣ መኪናህ አላደገችም እኮ፤ በእግር ጣቷ ነው የቆመችው» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

እጄን ይዘው አሳዩኝ። ብራቾው ወደ ታች ሊወርድ የሚችለውን ያህል ወርዷል፤ የላይኛው ቴስቲና (የብራቾው ኳስ መጋጠሚያ) ጥግ ይዟል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ከዚያ በላይ የሚወርድበት ቦታ ስለሌለው ነው «ኳ» የሚለው። ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ቢታጠፍም ኃይል የሚያደርስለት መጋጠሚያ) ከለመደው በላይ ተጣምሞ እየዞረ ላስቲኩን ቀዶታል፤ ግራሶው የወጣው፣ አቧራው የገባው፣ ቀጭ ቀጭታውም የመጣው በዚያ ነው። አሞርዛተሩ በቀለበቱ ልክ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ጎማው ወደ ላይ ሲመታ ማቆሚያ ላስቲኩ ጋ ሳይደርስ ራሱ ውስጡ ይጋጫል። የቀኙ ዘይት ማንባት ጀምሯል።

ኋላዋ የባሰ ነበር። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባው ብረት አክስሉ እንዳይንሸራተት ከአናቱ የፒን ቀዳዳ፣ ከሥሩ ደግሞ የመሃል ፒን ሊኖረው ይገባል። የእኔው ፒን የተቆረጠ የብሎን ራስ ሆኖ ተገኘ፤ ጠማማ ተደርጎ በብየዳ ተጣብቋል፤ ብየዳው ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። መካኒኩ በመዶሻ አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርጉት ረገፈ። ሱሉልታ ዳገት ላይ፣ ቤተሰብ ጭኜ ረግፎ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። በነገራችን ላይ፣ ይህን ብረት የፊት አክስላቸው በባሌስትራ ለሆነ አሮጌ መኪኖች ፊት ላይ የሚገጥሙም አሉ። መሪ ያለበት አክስል ላይ እንዲህ ያለ ነገር በፍጹም አይገባም።

የፍሬኑን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። እንደ እኔዋ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) በሌላቸው ብዙ ሒሉክሶች ከሻሲው ወደ ኋላ አክስል የተዘረጋች ዘንግ አለች። መኪናው ሲጫን ሻሲው ይወርዳል፣ ዘንጓም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ታስለቅቃለች። ሻሲው ከአክስሉ በ5 ሳንቲሜትር ከራቀ ግን ዘንጓ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብላ ግፊቱን ትቀንሳለች። መያዣዋን በዚያው ልክ ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ገጣጣሚው አልነካትም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳቀኝና ያናደደኝ ግን የሜትሩ ነገር ነው። ከመገጠሙ በፊት የኋላ ዲፈረንሻሉ ከመሬት 21 ሳንቲሜትር ነበር። 22,500 ብር ካወጣሁ በኋላም 21 ነው። ይኸው ነው፤ ሞላና ባሌስትራ የሚያነሱት ሻሲውን እንጂ አክስሉን አይደለም። ድንጋይ የሚመታውን የኋላ ዲፈረንሻል የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በተጨመረው ቁመት ግማሽ። ከ255/70 ባለ 15 ወደ 265/70 ባለ 16 ብትቀይሩ የምታገኙት ወደ 2 ሳንቲሜትር ነው፤ ፍጥነት መለኪያችሁም 5 በመቶ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ጭቃውም ቢሆን ያሸነፈኝ በቁመት አልነበረም፣ ጎማዬ ተላጭቶ እንጂ።

ሶማሌ ተራን በሙሉ አልወቅስም፤ ለዓመታት መለዋወጫ የገዛሁበት፣ እውነቱን የሚነግሩ ነጋዴዎችም ያሉበት ሰፈር ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁን ለኩ። ብዙ አሮጌ መኪና ዝቅ ያለው ሞላውና ባሌስትራው ስለደከመ ነው፤ በፋብሪካ ልኩ አዲስ ብታስገቡለት የጠፋው ቁመት ያለ አንዳች ጣጣ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሞላው ከራሱ አሞርዛተር ጋር ተጣምሮ፣ በሚሸከመው ክብደት የተለየውን ፈልጉ፤ እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት የአውስትራሊያ ሥራዎች የሚሸጡት እንዲያ ነው። ውድ ነው፣ አዎ። እስኪጠራቀም ጠብቁ። ከ5 ሳንቲሜትር በላይ «ያለ ምንም ለውጥ» አነሳልሃለሁ የሚላችሁን ሰላም ብላችሁ እለፉ።

ደረሰኝም ተቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና የሚገጠምለት መኪና መጻፉን እዩ። የእኔው «መለዋወጫ» ብቻ ይላል። ቀለበቶቹንና የረገፈውን ፒን ይዤ ስመለስ ሻጩ ደረሰኙን አገላብጦ አየና «ይሄ የኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ካርቶኑን ከነምልክቱ ሳሳየው ትንሽ ዝም አለና ከመደርደሪያው ሌላ አወረደ።

«ባለ 2 ሳንቲሜትር አለ፤ በእሱ ልቀይርልህ?»