የእንግሊዝ የኦንላይን ክስ፣ ከጎንደር ሆኜ እንዳየሁት

ለንደን ያለችው ታናሽ እህቴ ለሶፋ 900 ፓውንድ ከፈለች። ሶፋው አልመጣም፣ የሻጩም ድምፅ ጠፋ። ጠበቃ የምታቆምበት ገንዘብ የላትም። እኔ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ በቪዲዮ እያወራን ፎርሙን አብረን ሞላነው።

መጀመሪያ ለሻጩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከች። ከዚያ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ክስ ከፈተች። የዳኝነት 70 ፓውንድ ከፈለች። እዚያ እስከ 10,000 ፓውንድ የሆነ የገንዘብ ክስ በአብዛኛው በአነስተኛ ክሶች መስመር ነው የሚታየው፤ ያለ ጠበቃ መከራከር የተለመደ ነው። ተከሳሹ መልስ ለመስጠት 14 ቀን አለው። ክሱ እንደደረሰው ካሳወቀ 28 ይሆንለታል።

ልቤን የነካው ሽምግልናው ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ክስ ግዴታ ሆኗል። በስልክ ነው፣ በነፃ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። እኛ አገር ሽማግሌ ሁለቱንም ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው የሚያስታርቅ። እዚያ አሸማጋዩ እየደወለ ለየብቻ ያነጋግራል። እህቴ ክርክር ስለምትፈራ ይሄ በጣም ረዳት። በ850 ተስማሙ፣ በሳምንቱ ገባላት።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ቢፈረድላችሁም ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሳስቶ ገንዘቡን አያስከፍልላችሁም። ለአፈጻጸም እንደገና ማመልከት፣ እንደገና መክፈል አለ።