ለትልልቅ ጥይት አዲስ ቀለሃ ወይስ የተተኮሰ?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ ተራ በተራ ያው ጥያቄ ይዘው መጡ። «338 ላፑዋ ወይም 50 ካሊበር (ሁለቱም ለሩቅ ተኩስ የሚሆኑ ትልልቅ የጠመንጃ ጥይቶች ናቸው) ራሴ ልሞላ ነው፤ ቀለሃውን አዲስ ልግዛ ወይስ የተተኮሰ?» መልሴ አዲስ ግዙ ነው። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ስለሆነ ሒሳቡን ቁጭ አድርጌ ላሳያችሁ።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃ፣ ባሩድ፣ አረር እና ባሩዱን የምትለኩሰው ፕራይመር። ሦስቱ አንዴ ከተተኮሱ አለቁ። ተመልሶ እጃችሁ የሚገባው ቀለሃው ብቻ ነው። ስለዚህ የቀለሃ ዋጋ የሚባለው ሻጩ የጠራላችሁ ዋጋ አይደለም። ያ ዋጋ ቀለሃው ስንት ጊዜ ተተኮሰ ለሚለው ሲካፈል የሚወጣው ነው።

እኔ የመጀመሪያ 50 ካሊበር ቀለሃዎቼን የገዛሁት «አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ» ተብሎ ነበር። ሦስት መቶ ፍሬ፣ እያንዳንዱ በአዲሱ ዋጋ ሠላሳ በመቶ። ደስ አለኝ። ሳጥኑን ስከፍት ግን የመትረየስ ቀለሃ ነው። መትረየስ በአቧራም በሙቀትም ሳይነክስ እንዲተኩስ ማጉረሻው ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ቀለሃው ሲተኮስ ያን ክፍተት ሞልቶ ይለጠጣል። ወደ ልኩ ለመመለስ ዳይ (ቀለሃውን ልክ የሚያስይዝ ውስጡ ክፍት ብረት) ውስጥ ስታስገቡት ደግሞ በግድ ይጨመቃል። ይህ መለጠጥና መጨመቅ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ናሱን ያሳሳዋል። የሳሳ ቀለሃ ሲተኮስ እዚያው ቦታ ላይ ለሁለት ሊበጠስ ይችላል፤ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ከውጭ ብዙ ጊዜ አይታይም። የማውቀው በቀጭን ሽቦ ነው። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቃንቼ ጫፉን ትንሽ አጥፌዋለሁ። በቀለሃው አፍ አስገብቼ የውስጥ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እየነካሁ እስበዋለሁ። ጤነኛው ላይ ሽቦው ልስልስ ብሎ ይወጣል። የሳሳው ላይ ከግርጌው አጠገብ ቦይ ውስጥ እንደገባ ያዝ ያደርገዋል። ያን ቀን 110 ቀለሃ ያዝ አደረገኝ። ሁሉንም በፒንሳ ጨፍልቄ ጣልኳቸው፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይሞላቸው።

የተረፉት 190 ናቸው። አብዛኞቹ ሁለት ጊዜ ብቻ አገልግለውኝ ያው ቦይ ጀመራቸው። አሁን አስሉት። አዲስ ቀለሃ 100 ቢሆን፣ የእኔ ሦስት መቶ ፍሬ 9,000 ፈጀ። ለ380 ተኩስ ሲካፈል በአንድ ተኩስ 24 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ አዲስ ገዛሁ፤ 10,000 ማለት ነው። በአማካይ ሰባት ጊዜ ተተኮሱልኝ። በአንድ ተኩስ 14 ገደማ። ርካሹ ቀለሃ በብዙ ውድ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጉልበቱንና ዕቃውን አልቆጠርኩም። የወታደር ፕራይመር በንዝረት እንዳይወጣ ዙሪያው ተደፍጥጦ ይታሰራል። እሱን ስገፋ የዳዬ መርፌ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ፕራይመሩ ከወጣ በኋላም የተደፈጠጠውን ጠርዝ የሚያስተካክል ሌላ መሣሪያ መግዛት ነበረብኝ። የተለጠጠውን ለማሳጠር ቆረጣ አለ፣ ማጽዳት አለ። ሁለት ሙሉ ቅዳሜ ሄደብኝ። አዲሱን ግን አፉን አስተካክዬ፣ ለክቼ፣ መሙላት ነው።

338 ላይ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል። ጥሩ አዲስ ቀለሃ ዋጋው ያስደነግጣል፣ አልክድም። ግን ግፊቱን ካላበዛችሁበትና አንገቱን በየጊዜው በእሳት ካለሰለሳችሁት ብዙ ይመላለሳል። የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ የፕራይመሩ ጉድጓድ ሲላላ ነው፤ ያኔ ፕራይመሩ ያለ ተቃውሞ ሰተት ብሎ ይገባል፣ እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ቀለሃው አንዴ ካለ፣ እኔ የምሞላው 338 ከፋብሪካው የዒላማ ጥይት በግማሽ ዋጋ በታች ይወጣልኛል።

50 ላይ እንደዚያ አትጠብቁ። ባሩዱ ብቻ ከ200 ግሬን በላይ ይበላል። አንድ ኪሎ 15,432 ግሬን ስለሆነ ከኪሎው 70 ገደማ ጥይት ነው የሚወጣው። 338 ግን 90 ግሬን አካባቢ ስለሚወስድ ከዚያው ኪሎ 170 ገደማ ታወጣላችሁ። የ50 ፕራይመር የራሱ ትልቅ ዓይነት ነው፤ የተራ ጠመንጃው አይገባውም፣ ዋጋውም አይገናኝም። ዳዩን ይዞ ቀለሃውን ወደ ውስጡ የሚገፋው ፕሬስም እንደዚያው። የተለመደው ፕሬስ ባለ 7/8 ኢንች ዳይ ነው የሚይዘው፤ የ338 ዳይ በዚያ ልክ ይገኛል። የ50 ዳይ 1 ተኩል ኢንች ነው፣ ለእሱ ትልቅ ፕሬስ ትገዛላችሁ። ከሠራዊት የተረፈ ሙሉ ጥይት በርካሽ የምታገኙና እሩቅ ዒላማ የማትመቱ ከሆነ፣ 50 መሙላት ምንም ላያተርፋችሁ ይችላል። (የባሩድ ልክ ከእኔም ከጓደኛም አትውሰዱ። የአምራቹ መመሪያ ላይ ያለውን ብቻ። በብዙ አገር ደግሞ መሙላት ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።)

ስለ ኮፒ ዕቃም አንድ ነገር ልበል። የታወቀ ዳይ ቅጂ በግማሽ ዋጋ ገዝቼ ነበር። ውስጡ በደንብ አልተወለወለም። አሥራ አምስት አዳዲስ ቀለሃ ከአንገት እስከ ግርጌ እየጫረ ካወጣልኝ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። በጣት ስትነኩት ጭረቱ ይሰማል። ያተረፍኩት ገንዘብ በአሥራ አምስቱ ቀለሃ ሄደ። መለያ የሌለው ጣሳ ውስጥ ያለ ባሩድ ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩ። ቀስ ብሎ የሚነድና ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ በዓይን አይለይም። ስህተቱም ጠመንጃ ከነእጅ ይዞ ይሄዳል።

ባሩዱን ስለምትመዝኑበት ሚዛን ብዙ አልልም፤ መፈተሻ ክብደቱ አብሮት ያለውን ግዙ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ፈትሹት።

ይህን ሁሉ ብዬም የተተኮሰውን ካልገዛሁ የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አሥር ብቻ ውሰዱ። ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ ጠይቁ፤ የመትረየስ ከሆነ ተዉት። አንዱን ቀለሃ፣ ፕራይመሩ መውጣቱን አይታችሁ፣ በብረት መጋዝ ከአፉ እስከ ግርጌው ለሁለት ሰንጥቁት። ግርጌው አጠገብ ያለው ግድግዳ ወደ ላይ በአንድ ወጥ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ቀሪውን መግዛት ትችላላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ክር የመሰለ ቦይ ካያችሁ ዘጠኙን መልሱ።