በኮምቦልቻ ለሚያገለግሉ የሥነ ልቦና አማካሪ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጡትን ባለሙያ ለማመስገን፣ እንዲሁም እንደ እኔ በጭንቀት ለሚንገላቱ የኮምቦልቻና የደሴ ነዋሪዎች አገልግሎቱን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ አክብሬላቸዋለሁ፤ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

የምሠራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በፈረቃ ነው። እናቴ ከታመመች ወዲህ የመድኃኒቱ ወጪ፣ የቤት ኪራዩና የሌሊቱ ፈረቃ ተደራርበው እንቅልፍ ነሱኝ፤ ደረቴን ይጨመድደኛል፣ ማሽን ላይ ቆሜ ሳለ ልቤ በድንገት ይመታል፣ እህል አልወርድ ይለኛል። የልብ ሕመም መስሎኝ ስመረመር የልቡም የደሙም ውጤት ደህና ሆነ፤ የመረመሩኝ ሐኪም ወደ አማካሪዋ የመሩኝም ያን ጊዜ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው፣ ምርመራው ምንም ካላገኘ ይህ ሁሉ ሕመም ከየት መጣ ብዬ ነበር። ሕመሜን አላቃለሉብኝም። አንጎል አደጋ እንዳለ ሲገምት ከኩላሊቶች በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን እንደሚያመነጩ፣ በዚህም የልብ ምት እንደሚፈጥን፣ ትንፋሽ እንደሚያጥር፣ ጡንቻ እንደሚወጠርና የምግብ መፈጨት እንደሚዘገይ በዝርዝር አስረዱኝ። ይህ ከጅብ ለሚሸሽ ሰው ነፍስ አድን ነው፤ ጅቡ ሲሄድ ሰውነትም ይረጋጋል። የቤት ኪራይና የእናት ሕመም ግን ነገም ከነገ ወዲያም ስለማይለቁ ሰውነት እንደተወጠረ ይከርማል፤ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የራስ ምታቱና የሆድ ሕመሙም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ይህን ማወቄ ብቻውን ሸክሜን አቀለለልኝ፤ ልቤ በመታ ቁጥር «መሞቴ ነው» ብዬ መሸበሬ ምቱን ያባብሰው እንደነበር ገብቶኛልና።

ከዚያ ወደ ልምምዱ ገባን። እጄን ሆዴ ላይ አስደርገው፣ እስከ 4 እየቆጠርሁ በአፍንጫዬ አየር እንድስብና እስከ 6 እየቆጠርሁ በቀስታ እንዳስወጣ አስለመዱኝ፤ በሆዴ ፋንታ ትከሻዬ ከፍ ሲል ባዩ ቁጥር «ቀስ ይበሉ፣ ማንም አላጣደፈንም» ይሉኝ ነበር። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም ልብን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ይበረታል። ቀጥለውም አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ወገን በእጄ ያለውን፣ በሌላው ከእጄ ውጭ የሆነውን እንድጽፍ አደረጉኝ። የእናቴ ሕመም ከእጄ ውጭ ሆኖ ተጻፈ፤ የፈረቃ ለውጥ ማመልከትና ወንድሜ ወጪውን እንዲጋራ መንገር ግን በእጄ ነበሩ፤ ሁለቱንም ፈጸምሁ። ለወሎ ሰው ቡና ተው ማለት ከባድ መሆኑን ስለሚያውቁም፣ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ገልጸው፣ ወደ መኝታ ሰዓት የሚጠጣውን ብቻ እንዳስቀር ጠየቁኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ባለ 5 ክፍለ ጊዜ የምክር መርሐ ግብር ውስጥም ቀስ ብሎ መተንፈስና ችግርን ከፋፍሎ መፍታት ዋና ቦታ አላቸው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስለ አክብሮታቸው ነው። በሩ ተዘግቶ የተነገረው እዚያው ቀርቷል። ቤተሰቤ ዱዓ እንደሚያደርግልኝ ስነግራቸውም «ይቀጥሉ፣ ያጽናናዎታል» አሉኝ እንጂ አንዱን ይዤ ሌላውን እንድጥል አልፈለጉም። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በከተሞቻችን ድንገተኛ ድምፅ በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡ፣ ያዩትንም ለማንም ያልተናገሩ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና፣ እንዲህ ያለ ሰሚ ማግኘት ለእነርሱም ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

ምክሩ ችግሬን ሁሉ አልፈታልኝም፤ እናቴ ዛሬም መድኃኒት ላይ ናት። እኔ ግን እተኛለሁ፣ ሥራዬንም ያለ ሥጋት እሠራለሁ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ወይም ከምክር ያለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣም አማካሪዋ ሳይዘገዩ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካሉ። መሄድ የምታስቡ ሁሉ በጠዋት ብትደርሱ ወረፋው ይቀልላችኋል።

እኅቴ፣ ፈጣሪ ውለታዎን ይክፈልልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።