ማስጠንቀቂያ፦ «ኦክስፎርድ ሙሉ ቀን፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያን ጨምሮ» የሚለውን ጉዞ አትግዙ

ይህን የምጽፈው በሐምሌና በነሐሴ ከአገር ቤት ቤተሰብ ተቀብላችሁ ኦክስፎርድን ለማሳየት ላሰባችሁ ነው። ሎንዶን ውስጥ በቴሌግራም በአማርኛ የሚሸጥ የአንድ ቀን ጉዞ አለ። ማስታወቂያው ያምራል። የራድክሊፍ ካሜራ፣ ያ ክብ ሕንፃ፣ ከነጉልላቱ ፎቶው ተለጥፏል። ሥሩ «ለአንድ ሰው 95 ፓውንድ። ትራንስፖርት፣ አስጎብኚ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ፣ የሃሪ ፖተር አዳራሽ፣ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ብራናዎች። ሁሉንም ያካተተ!» ይላል። ባለፈው ዓመት ከቤተሰቤ ጋር ሄጄበታለሁ። እንደተባለው የተገኙት መኪናውና አስጎብኚው ብቻ ናቸው።

ሻጩ ነገ ስሙን ሊቀይር ይችላል። ሌላም ሊተካው ይችላል። ስለዚህ ዘዴውን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፤ ኦክስፎርድ ውስጥ «የዩኒቨርሲቲ መግቢያ» የሚባል ቲኬት የለም። እንደ ስድስት ኪሎ ዋና በር ያለው አንድ ግቢ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከ30 በላይ ኮሌጆች ያሉት ሲሆን ኮሌጆቹ በከተማው ተበታትነው ነው የሚገኙት። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ዘበኛ፣ የራሱ ሰዓት አለው። አንዱ በነጻ ያስገባል። ሌላው ጥቂት ፓውንድ ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚከፍት አለ። በፈተና ሰሞን ለጎብኚ በሩን የሚዘጋም አለ። ትልቁና ታዋቂው ክራይስት ቸርች ደግሞ ቲኬቱን በቀንና በሰዓት ለይቶ ይሸጣል፣ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። እንግዲህ የኮሌጁን ስምና ሰዓቱን ሳይጠቅስ «መግቢያን ያካትታል» የሚል ሰው ምን እየሸጠላችሁ ነው? መንገዱ፣ አደባባዩ፣ የሕንፃዎቹ ፊት ለማንም ክፍት ነው። እኛም የከፈልነው ለዚያ ነበር።

የእኛ ቀን እንዲህ ነበር። ቲኬቱን የቆረጠችው እህቴ ናት፤ ለልጆቿ፣ ለእኔና ከጎንደር ለጥየቃ ለመጡት አጎታችን። ጠዋት መሰብሰቢያው ቦታ ስንደርስ ለእያንዳንዱ ሰው «የመቀመጫ ማስያዣ» ተብሎ ተጨማሪ 5 ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ ተጠየቀ። ማስታወቂያው ላይ ይህ አልነበረም። ከዚያ መኪናው በቀጥታ ወደ ኦክስፎርድ መሄድ ሲገባው ከከተማው ውጭ ወደሚገኝ የቅናሽ ልብስ መሸጫ ወሰደን። እዚያ ረጅም ሰዓት ቆየን። ማን ከማን ጋር ምን እንደተስማማ መገመት አያዳግትም።

ክራይስት ቸርች የደረስነው በምሳ ሰዓት ነው። የሃሪ ፖተር አዳራሽ የተባለው እዚያ ነው። አዳራሹ ግን እስከ ዛሬ ተማሪዎች የሚመገቡበት ስለሆነ በምሳ ሰዓት ብዙ ጊዜ ለጎብኚ ይዘጋል። ይህን የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ማንም ያነበዋል፤ በየሳምንቱ ሰው እየጫነ የሚመጣ ድርጅት ሊጠፋው አይችልም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቲኬት አስቀድሞ አልተያዘልንም። አስጎብኚው ከኮሌጁ ጎን ያለው ሰፊ መስክ ላይ አቁሞን «ፎቶ አንሱ» አለ። መስኩ ለሁሉም ነጻ ነው። በነገራችን ላይ የፊልሙ አዳራሽ የተቀረጸው እዚያ አይደለም። ሠሪዎቹ ከክራይስት ቸርች አዳራሽ መነሻ ወስደው በስቱዲዮ ውስጥ ነው የሠሩት። እዚያ የተቀረጸው ወደ አዳራሹ የሚያስወጣው የድንጋይ ደረጃ ነው። ልጆቻችሁን ቃል ከመግባታችሁ በፊት ይህን ንገሯቸው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ብራናዎቹ።

አጎቴ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ሆነው ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ወደ ኦክስፎርድ እንሂድ ሲባሉ ስለ ኮሌጅም ስለ ፊልምም ደንታ አልነበራቸውም። የፈለጉት ሄኖክን ማየት ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጎንደር ነበር። ሲመለስ ከያዛቸው መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ የግዕዝ ቅጂዎች ነበሩ። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ነገር ነበር። አንዱ ቅጂ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ ከእሱ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1821 አሳተመው። ብሩስ የሰበሰባቸው ሌሎች ብራናዎችም በ1843 ተገዝተው እዚያው ገቡ። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «የኢትዮጵያ ብራናዎች» የሚለው ቃል ለአንድ የጎንደር ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ራድክሊፍ ካሜራ ፊት ቆመን አጎቴ አስጎብኚውን ጠየቁት። «ልጄ፣ ሄኖክ ያለው የትኛው ቤት ነው?»

ልጁ ወደ ክቡ ሕንፃ ጠቆመ። «እዚህ ውስጥ ነው አባቴ። ዛሬ ግን ዝግ ነው።»

ሁለቱም ውሸት ነው። ራድክሊፍ ካሜራ የተማሪዎች ማንበቢያ ነው። ጥንታዊ ጽሑፎቹ የሚጠበቁት ብሮድ ስትሪት ላይ ባለው የቦድሊያን ክፍል፣ ዌስተን ላይብረሪ ነው። «ዛሬ ዝግ» የሚባልም ነገር የለውም። ብራናዎቹ የጥናት ክምችት ናቸው። የአንባቢነት ካርድ ያለው ተመራማሪ አስቀድሞ ጠይቆ ነው የሚያያቸው። ለአንድ ቀን ጎብኚ ማንም አስጎብኚ አውጥቶ ሊያሳይ አይችልም። ይህን እያወቀ የሸጠ ሰው አታሏል፤ ሳያውቅ የሸጠም ቢሆን ገንዘቡን ተቀብሏል። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሕንፃው እጅ ነሡ። ከኋላቸው ሆኜ ምን ልበላቸው?

የሚያሳዝነው ደግሞ ዌስተን ላይብረሪ ከቆምንበት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መሬት ቤቱ ላይ ከክምችቱ የተመረጡ ጽሑፎች እየተቀያየሩ የሚታዩበት ኤግዚቢሽን አለ። መግቢያው ነጻ ነው። የኢትዮጵያ ብራና በዚያ ሳምንት ይኑር አይኑር ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን አይታችሁ ታውቃላችሁ። አስጎብኚው እዚያ እንኳ አልወሰደንም። «ሰዓት የለንም» አለ። ሰዓቱ ልብስ መሸጫው ላይ አልቆ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው መብቱን በግማሽ ነው የሚያውቀው። በእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት አገልግሎት ሻጭ በቃልም በጽሑፍም የነገራችሁና አምናችሁ የገዛችሁበት ነገር የውሉ አካል ነው። ስለዚህ የቴሌግራም ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ከጉዞው በኋላ ይጠፋል፣ የእኛም ጠፍቷል፤ ደግነቱ እህቴ አንሥታው ነበር። ያ የ5 ፓውንድ «ማስያዣ»ም ቢሆን ከ6 ኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋለው ደንብ ጋር ይጋጫል። ሁሉም ሰው የግድ የሚከፍለው ክፍያ ገና ከመጀመሪያው በተለጠፈው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት።

ሁለት ነገር ግን አያታልላችሁ። «በኢንተርኔት የገዛሁትን በ14 ቀን ውስጥ እመልሳለሁ» የሚለው መብት ቀኑ ለተቆረጠ የመዝናኛ ጉዞ አይሠራም። «ፓኬጅ» የሚለው ስምም ዋስትና አይሆናችሁም። የጥቅል ጉዞ ሕጉ ከ24 ሰዓት በታች የሆነና አዳር የሌለውን ጉዞ አይሸፍንም።

አከፋፈሉም ወሳኝ ነው። በክሬዲት ካርድ የተገዛ አንድ ነገር ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ በ1974ቱ የብድር ሕግ መሠረት ካርዱን የሰጠው ድርጅት ከሻጩ እኩል ይጠየቃል። ለዚህ ነው 95 የሚለው ቁጥር የማይጥመኝ። ድምሩ ከመቶ ቢያልፍም ባንኩ እያንዳንዱን ቲኬት ለየብቻ ሊቆጥረው ይችላል። በዴቢት ካርድ ከከፈላችሁ ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ እንዲያስመልስላችሁ «ቻርጅባክ» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ በሕግ የተደነገገ መብት አይደለም፣ የካርድ ድርጅቶቹ አሠራር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። የጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዩ። እህቴ ያስመለሰችው በዚህ መንገድ ነው፣ ያውም የተወሰነውን ብቻ። ድርጅቱ ራሱ ያቀረበላት «ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ» ነበር። በግለሰብ አካውንት ባንክ ለባንክ አስገቡ ካሏችሁ ግን ጨርሶ ተዉት። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ባንኮች በማጭበርበር የተወሰደን ገንዘብ እንዲመልሱ ይገደዳሉ። መኪናው መጥቶ ጉዞው ከተካሄደ ግን «የአገልግሎት ክርክር ነው» ብለው ይመልሷችኋል።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ጉዞ ሻጭ አያስፈልጋችሁም። ከፓዲንግተን ወይም ከሜሪልቦን ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ካለ የቤተሰብ ሬልካርድ የሚባለውን የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጡ። እስከ 4 አዋቂና 4 ልጅ ይዞ ለአዋቂ ሲሶውን፣ ለልጅ 60 በመቶውን ይቀንሳል። ከ5 ዓመት በታች ያሉት በነጻ ይሄዳሉ። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት ስለማይሠራ ረፈድ አድርጋችሁ ተነሡ። ከቪክቶሪያ የሚነሣው አውቶቡስም ርካሽ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ። በመኪና መሄድ አልመክርም። መሃል ከተማው ውስጥ አንዳንድ መንገዶች ከ2022 ጀምሮ ከጭስ ነጻ ላልሆነ መኪና ያስከፍላሉ፣ ሃይ ስትሪት ላይ ለአውቶቡስ በተለየው መንገድ የሚገባን መኪና የሚይዝ ካሜራ አለ፣ ቅጣቱ በፖስታ፣ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። የግድ ከሆነ ከከተማው ዳር ፓርክ ኤንድ ራይድ በሚባለው የመኪና ማቆሚያ አቁማችሁ በአውቶቡስ ግቡ።

ልጆች ካሉ መጀመሪያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውሰዷቸው። ነጻ ነው። ከምድር የጠፋውን የዶዶ ወፍ ቅሪት ያያሉ። በዚያው ውስጥ አልፋችሁ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ትገባላችሁ፣ እሱም ነጻ ነው፤ ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ታጭቆ ልጆች መውጣት እንቢ ይላሉ። ከ1683 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነው አሽሞሊያን ሙዚየምም እንዲሁ አያስከፍልም። ቦድሊያንን ከውስጥ ለማየት የላይብረሪውን የራሱን ጉብኝት ከራሱ ድረ ገጽ ያዙ። የዕድሜ ገደብ ሊኖር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። ክራይስት ቸርች መግባት ከፈለጋችሁም ቲኬቱን ከኮሌጁ ብቻ ግዙ። አዳራሹ የሚዘጋበትን ሰዓት እዚያው ታያላችሁ።

ለሽማግሌዎቻችሁ አንድ ነገር ልጠቁም። የክራይስት ቸርች ካቴድራል ብዙ ቀን አመሻሽ ላይ፣ በእንግሊዝ ሰዓት አቆጣጠር 6 ሰዓት፣ የማታ ጸሎት በዜማ ያደርሳል። ለጸሎት የሚገባ ሰው አይከፍልም። እኛ በ95 ፓውንድ በውጭ የቆምንበትን ቤት ሽማግሌዎቻችሁ ተቀምጠው፣ ዜማ እየሰሙ ያዩታል ማለት ነው። ሰዓቱን በዚያው ቀን አረጋግጡ።

አሁንም ከአስጎብኚ ጋር መሄድ የሚሻለው ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ሲኖሩ እረዳለሁ። ያኔ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የትኛው ኮሌጅ ነው የምንገባው? በስንት ሰዓት? ቲኬቱ ተይዟል ወይ? ኦክስፎርድ ውስጥ በትክክል ስንት ሰዓት እንቆያለን? በመንገድ የምንቆምበት ሌላ ቦታ አለ? እኛ ይህን ሻጭ ከጉዞው በኋላ ስንጠይቀው «እንደ ሁኔታው ይወሰናል» ነው ያለን። ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ይህን ጉዞ ገዝታችሁ ገና ያልሄዳችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ጻፉለትና መልሱን አስቀምጡ። ሄዳችሁ የተታለላችሁ ደግሞ ደረሰኙን፣ ማስታወቂያውንና የተላላካችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ለሸማቾች ምክር ለሚሰጠው ለሲቲዝንስ አድቫይስም አመልክቱ። ምክሩ ነጻ ነው፣ አቤቱታውንም ለንግድ ተቆጣጣሪዎች ያስተላልፉታል። እኛ አመልክተናል። ብዙ ቤተሰብ ባመለከተ ቁጥር ይህን ሰው ችላ ማለት ይከብዳቸዋል።