የካሪ ቅጠል፦ በባልዲ ወይስ በመሬት?

የካሪ ቅጠል፣ ቅጠሉ ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆን ተክል፣ አገሩ ህንድና ስሪላንካ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ምርጫው እንደየከተማው ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ባልዲ ይሻላል ባይ ነኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሲጠና ማታ ቤት ታስገቡታላችሁ፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታወጡታላችሁ። የባልዲውን ቂጥ ግን ብሱት። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። በብርዱ ቅጠሉን ቢያረግፍ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሥሩ ደህና ከሆነ ሲሞቅ ያቆጠቁጣል።

ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ መሬት ላይ ትከሉት። ከባልዲው ይልቅ ይገዝፋል፣ ውሃም ቶሎ ቶሎ አይጠይቅም። ጫፉን ስትቀነጥሱት ቅርንጫፍ ያበዛል። ቅጠሉ እርጥቡ ነው የሚጣፍጠው፤ ዘይቱ ሲግል ጣል ነው።