በማያውቁት ሰው ቤት ማደር፦ የካውችሰርፊንግ አገልግሎት ሲገመገም

መንገደኛንና የቤት ባለቤትን በበይነመረብ የሚያገናኘው ካውችሰርፊንግ የሚታወቀው በአብዛኛው ያለ ክፍያ በማሳደሩ ነው። በተለያዩ ጉዞዎቼ ስለተጠቀምኩበት ግን በዚህ መለኪያ ብቻ መመዘኑ ዋናውን ነገር ያስረሳል ብዬ አምናለሁ። በሰው ሳሎን የሚነጠፍ ፍራሽ ከርካሽ ማረፊያ አልጋ የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ማታ ከባለቤቱ ጋር የሚደረገውን ጨዋታ ግን የትኛውም ሆቴል ሊሸጥልን አይችልም። ስለዚህ አገልግሎቱን የምመዝነው ከሰው ጋር በማገናኘት ችሎታው ነው።

አጀማመሩም ቢሆን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኬሲ ፌንተን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ወደ አይስላንድ የሚወስድ ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት አግኝቶ ማደሪያ ስላልነበረው፣ ለአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብዛት ኢሜይል ልኮ እንዲያሳድሩት ጠየቀ፤ በርካታ ተማሪዎችም ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸው መለሱለት። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ከዚያ ልምድ በመነሳት ነው። ሐሳቡ ግን ከእርሱ ይቀድማል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የተመሠረተው ሰርቫስ የተባለ ድርጅት፣ ሰዎች በየቤታቸው ቢተዋወቁ ለሰላም ይጠቅማል በሚል እምነት መንገደኞችን ከቤተሰቦች ጋር ሲያገናኝ ቆይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መንገደኛው ማንነቱን የሚገልጽ ገጽ ያዘጋጃል፣ በሚሄድበት ከተማ ያሉትን አስተናጋጆች ገጽ ያነባል፣ ከዚያም ለመረጠው ሰው ጥያቄውን ይልካል። አስተናጋጁ ለማሳደሪያው ገንዘብ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ከቆይታው በኋላ ሁለቱም ስለ እርስ በርሳቸው ምስክርነት ይጽፋሉ፤ ምስክርነቶቹም ሁለቱም ጽፈው እስኪያበቁ ወይም 14 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ስለማይታዩ፣ አንዱ የሌላውን አይቶ አጸፋ የሚመልስበት ዕድል ጠባብ ነው። ይህ አሠራር በጥንቃቄ የታሰበበት ይመስለኛል። ሆኖም ሰው በቤቱ ያሳደረውን ሰው በአደባባይ መንቀፍ ስለሚከብደው፣ ምስክርነቶቹን ማንበብ የራሱን ማስተዋል ይፈልጋል። ስለ ቤቱ ንጽሕናና ስለ ሰፈሩ አመቺነት ብዙ ተጽፎ ስለ ሰውየው ምንም ካልተባለ፣ እኔ ሌላ አስተናጋጅ እፈልጋለሁ።

ያገኘኋቸውን ሰዎች ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ የሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ ናት። በደረስኩበት ምሽት ለሥራ እየወጣች ነበርና ቁልፉን ሰጥታኝ፣ አልጋዋ ላይ እንድተኛ ነግራኝ፣ ደብዳቤና ጌጣጌጥ ሳይቀር የተቀመጠበትን ቤት ለማታውቀው ሰው ትታ ሄደች። ጠዋት ስትመለስ ድካሙ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሳትተኛ ቁጭ ብላ በዚያ ሌሊት ስላረፉ አንድ አዛውንት አጫወተችኝ። ቤተሰብ ስላልነበራቸው እስከ መጨረሻው እጃቸውን ይዛ የቆየችው እርሷ ነበረች። ይህንን ለባልደረቦቿ መናገር እንደማትችል፣ ነገ ለሚሄድ ሰው ግን መናገር እንደሚቀላት ስትነግረኝ፣ አስተናጋጆች ለምን በራቸውን እንደሚከፍቱ በከፊል ገባኝ። እንግዳው ነገሩን ሰምቶ ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ሲሆኑ፣ ከተማቸውን ያሳዩኝ መንገዶቿ በተቀየሱበት የዕድሜ ቅደም ተከተል ነበር። ሐውልትና ሙዚየም አላሳዩኝም። በምትኩ አንድ መንገድ ያለ ምክንያት የታጠፈ የሚመስልበት ቦታ ላይ አቁመውኝ፣ ቀድሞ ወንዝ በዚያ ይፈስ እንደነበርና ከጊዜ በኋላ በመሬት ሥር በቦይ እንደተላከ አስረዱኝ። በዚያው ቤት አብራኝ ያደረች አንዲት መንገደኛ ደግሞ በማግስቱ ወደ እኔ አቅጣጫ ትሄድ ስለነበር ጉዞውን አብረን ቀጠልን። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ የትኛውም መተግበሪያ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው አይችልም፤ የአገልግሎቱ ድርሻ አጋጣሚው የሚፈጠርበትን ቤት መክፈት ነው።

የአስተዳደሩን ነገር በተመለከተ ግን ምስጋናዬ ይቀንሳል። ድረ ገጹ ለዓመታት በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ካደገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆነ፤ በግንቦት 2020 ደግሞ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ጉዞ በቆመበት ወቅት፣ በብዙ አገሮች ያሉ አባላት ካልከፈሉ ገጻቸውን መክፈት የማይችሉበት አሠራር ተጀመረ። የሚጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለአገልግሎቱ ሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እንደሚያስፈልግም እረዳለሁ። ቅር የሚያሰኘው ሰዎችን በቤታቸው በነጻ ሲያሳድሩ የኖሩት አስተናጋጆች ከእንግዶቹ እኩል መጠየቃቸው ነው። ኩባንያው የሚኖረው በእነርሱ ደግነት ነውና ቢያንስ ለእነርሱ በሩ ክፍት መሆን ነበረበት። በዚህ የተከፉ አባላት በበጎ ፈቃደኞች ወደሚመራው ቢዌልካም ዞረዋል፤ በብስክሌት ለሚጓዙ ደግሞ ዋርምሻወርስ የሚባል ለእነርሱ ብቻ የተዘጋጀ አገልግሎት አለ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ በየከተማው የሚገኘው የአስተናጋጅ ቁጥር ግን ያንሳል።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት፣ በሌሎች ሴቶች የተጻፉ ምስክርነቶች ከሌሉት አስተናጋጅ ዘንድ እንዳታድር አጥብቄ እመክራለሁ። ማንም ቢሆን አድራሻውን ለሚያምነው ሰው አስቀድሞ መላክና ነገሩ ካላማረው ወዲያውኑ ተነስቶ የሚሄድበትን የሆቴል ገንዘብ ለይቶ መያዝ ይኖርበታል። በገጹ ላይ የሚታየው የማንነት ማረጋገጫ ምልክት የሰውየውን ጠባይ አይመሰክርም።

አገልግሎቱን የምመክረው ጊዜ ላለው መንገደኛ ነው። ማታ ደርሶ ማለዳ ለሚነሳ ሰው ሆቴል ይሻለዋል፤ የሰው ቤት ገብቶ ሳይጫወቱ ተኝቶ መሄድ ለባለቤቱም ደስ አይልም። ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት የሚቆይ ሰው ግን የአስተናጋጁን ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ ለብዙ ሰው የሚላክ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሳይሆን ለዚያ ሰው ብቻ የተጻፈ መልእክት ይላክ። በትልልቅ የቱሪስት ከተሞች አስተናጋጆች በጥያቄ ብዛት ስለሚጨናነቁ፣ መንገዱ የሚፈቅድለት በአቅራቢያ ባሉ ትናንሽ ከተሞች ቢሞክር እንግዳ የሚናፍቁ ሰዎችን በቀላሉ ያገኛል።